ባለ 4 ክሩን ሸጬ ባለ 5 ክር አክቲቭ ቤዝ ጊታር ልግዛ?

ለቡ_ቤዝ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ለቡ ነው። የማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ወደ ሰበታ መውጫ መንገድ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ቤዝ የምመታው እኔ ነኝ።

ያለኝ ባለ 4 ክር ስኩዌር (ረከስ ያለው የፌንደር ብራንድ) ነው፣ የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ቅርጽ ያለው። ፓሲቭ ነው፣ ባትሪ የለውም። ከታላቅ ወንድሜ ነው ያገኘሁት፤ እወደዋለሁ። ድምፁ ግን አስመርሮኛል። ቤት ውስጥ በትንሿ አምፕ ስመታው ጥሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስወስደው ይደነዝዛል። ቮልዩም ሲጨመር ጉምጉምታ ብቻ ነው፣ ሲቀነስ ጭራሽ ይጠፋል። የትኛውን ኖታ እንደያዝኩ ዘማሪዎቹ ራሳቸው አይለዩትም።

በቀደም አንድ ጓደኛዬ ባለ 5 ክር አክቲቭ (ባትሪ ያለው) አይባኔዝ ይዞ መጣ። በዚያው ሚክሰር፣ በዚያው ስፒከር ሲመታ እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ ወጣ። ልቤ ተነሳ። በዚያ ላይ ኪቦርዲስታችን ኢ ፍላት እና ዲ ፍላት ይወዳል። እኔ ከታች ኢ ላይ ስለማበቃ ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ኦክታቭ መሸሽ አለብኝ።

ስኩዌሩን ሸጬ፣ ገንዘብ ጨምሬ ባለ 5 ክር አክቲቭ ልግዛ? ወይስ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል) በመቀየር የሚስተካከል ነገር ነው? ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሙዚቃ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ሁለት ጊዜ የምገዛበት አቅም የለኝም።

ጀሞ_3

ግዛ ወንድሜ። እኔ ወደ ባለ 5 ክር ከዞርኩ በኋላ ወደ 4 አልተመለስኩም። ጥቅሙ ታች ያሉትን ኖታዎች ማግኘት ብቻ አይደለም። በቢ ክር ላይ ዲ ፍላት 2ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች)፣ ዲ 3ኛ፣ ኢ ፍላት 4ኛ፣ ኢ ደግሞ 5ኛ ላይ ታገኛለህ። ባዶ ክር ላይ ሳትንጠለጠል ሁሉንም በጣትህ ትይዛለህ። ኪቦርዱ መዝሙሩ መሀል ላይ ትራንስፖዝ ሲያደርግ (መነሻ ኖታውን ሲቀይር) ያንኑ የጣት አቀማመጥ ወደ ጎን ማንሸራተት ነው፤ አለቀ።

ያማሃ ቲአርቢኤክስ ወይም አይባኔዝ ኤስአር ፈልግ። የኤስአር አንገት ቀጭን ስለሆነ 5 ክር ቢኖረውም እጅ አያደክምም።

ኮዬ_ቤዚስቷ

ከመሸጥህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቤዝህን የምትሰካው የት ነው? የቤዝ አምፕ አላችሁ ወይስ ቀጥታ ሚክሰር ላይ? ኬብሉስ ምን ያህል ይረዝማል? የጓደኛህ ቤዝ ባትሪ ያለው ስለሆነ ነው የምጠይቅህ።

ለቡ_ቤዝ

አምፕ የለንም እህቴ። ቀጥታ ሚክሰር ነው፣ ላይን የሚለው ቀዳዳ ላይ። ሚክሰሩ ከኋላ በሩ አጠገብ ስለሆነ ኬብሉ ከመድረክ ተነስቶ በግድግዳው ዙሪያ ነው የሚሄደው። 15 ሜትር ይሆናል።

ቡራዩ_ጊታር_ጥገና

ልጄ፣ ቤዙን አትሽጥ። ፒክአፑንም አትንካው።

የፓሲቭ ፒክአፕ አሠራር ቀላል ነው። ማግኔት ዙሪያ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር ይጠቀለላል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ሲግናል ደካማ ነው። የገባበት ዕቃ በኃይል ከሳበው ይሞታል። የቤዝ አምፕ መግቢያ ወደ 1 ሜጋ ኦም ስለሆነ ከፒክአፑ የሚስበው ከቁጥር አይገባም። ቤትህ ውስጥ ጥሩ የሚሰማህ ለዚህ ነው። የሚክሰር የላይን መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ነው። የተሠራው ለኪቦርድና ጠንካራ ሲግናል ለሚያወጡ ዕቃዎች ነው። ፓሲቭ ቤዝ እዚያ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የሚጠፋው የላይኛው ድምፅ ነው፤ ጣት ክሩን ሲለቀው የሚሰማው። አንዱን ኖታ ከሌላው የሚለየው ደግሞ እሱ ነው። 15 ሜትር የጊታር ኬብል ሲጨመርበት ኬብሉ ራሱ እንደ ካፓሲተር ሆኖ የተረፈውን ይበላዋል።

የጓደኛህ ቤዝ ውስጥ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ አለ። ሲግናሉን ገና ከቤዙ ሳይወጣ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ሚክሰሩም ኬብሉም አያዳክሙትም። አንተ የሰማኸው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው እንጂ ከክሩ ብዛት አይደለም።

የሚያስፈልግህ አክቲቭ ዲአይ ቦክስ ነው፤ የቤዝህን ደካማ ሲግናል ለሚክሰሩ እንዲመች አድርጎ የሚያወጣ ትንሽ ሳጥን። መድረክ ላይ እግርህ አጠገብ ይቀመጣል። ከቤዝህ ወደ ዲአዩ በ3 ሜትር የጊታር ኬብል ትገባለህ። ከዲአዩ ወደ ሚክሰሩ በማይክ ኬብል፣ በማይክ መግቢያ። ዲአዩ ሲግናሉን ኬብል እንዳያዳክመው አድርጎ ስለሚያወጣው 15 ሜትር አይደለም 50 ሜትር ቢሄድ ድምፁ አይደነዝዝም። ዲአዩ ኃይል የሚያገኘው ከሚክሰሩ በማይክ ኬብሉ ከሚመጣው 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ነው፤ በባትሪ የሚሠሩም አሉ። ፓሲቭ ዲአይ የሚባልም አለ። እሱ ለኪቦርድ ይሁን። ለአንተ ቤዝ አክቲቩን ነው የምመክረው።

እስከዚያው ሚክሰራችሁ ላይ ሃይ-ዚ ወይም ጊታር የሚል ቁልፍ ያለው ቻናል ካለ እሱን ሞክር። አንዳንዶቹ ላይ አለ።

የፕሪሲዥን ቤዝ ከመጀመሪያውም ያለ ባትሪ የተሠራ መሣሪያ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ሲያወጣውም፣ በ1957 ፒክአፑ ለሁለት ተከፍሎ የኤሌክትሪክ ሁምታን እንዲያጠፋ ሲደረግም ፓሲቭ ነበር። አሜሪካዊው ቤዚስት ጄምስ ጃመርሰን ሞታውን ለተባለው የሪከርድ ኩባንያ አብዛኛውን ሙዚቃ የመታው በዚህ ዓይነት ቤዝ ነው፤ ያውም በቀኝ እጁ አንድ አመልካች ጣት። ባትሪ ያለው ፕሪአምፕ በሰፊው የታወቀው በ1976 የወጣው ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ ከመጣ ወዲህ ነው።

ጀሞ_3

ጋሼ ስለ ድምፁ ያሉት ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። ግን ዲአይ ቦክስ ዲ ፍላት አይጨምርለትም። ልጁ በየሳምንቱ የሚቸገረው በሁለቱም ነው። አሁን ለዲአይ ካወጣ፣ ነገ ለባለ 5 ክር ሊያወጣ ነው። ሁለት ጊዜ የምገዛበት አቅም የለኝም ብሏል እኮ።

ለገጣፎ_ሳውንድ

እኔ ቤዝ አልመታም። ሥራዬ ሚክሰር ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሠርግም እሠራለሁ። ስለ ቢ ክሩ ቁጥሩን ላስቀምጥ።

የባለ 4 ክር ባዶ ኢ 41 ሄርዝ ነው። የባለ 5 ክር ባዶ ቢ 31 ሄርዝ ነው። አብዛኞቹ ባለ 12 እና ባለ 15 ኢንች ስፒከሮች ያለ ሰብ (ታችኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ሲሠሩ ከ50 ሄርዝ በታች በፍጥነት ይወድቃሉ። ስለዚህ ቢ ስትመታ ጉባኤው የሚሰማው በአብዛኛው 62 ሄርዝ ላይ ያለውን ሃርሞኒክ (ከኖታው ጋር አብሮ የሚወጣውን ላይኛ ድምፅ) እና ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ጆሮ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል፣ ኖታው ይታወቃል። ደረት ላይ የሚያርፈው ኃይል ግን አይመጣም። ለእሱ ሰብ ያስፈልጋል። ይህ ማለት ባለ 5 ክር አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ጀሞ ስለ ጣት አቀማመጥ የተናገረው እውነት ነው። ሰብ በሌለበት አዳራሽ ግን ታችኛው ቢ ተአምር ይሠራልኛል ብለህ ብዙ ገንዘብ አታውጣ።

ሳውንድ የሚቆጣጠረውን ልጅ እነዚህን አስይዘው። የቤዙ ቻናል ላይ ሎው ከት የሚለው ቁልፍ መጫን የለበትም። ብዙ ጊዜ 80 ወይም 100 ሄርዝ ላይ ነው የሚቆርጠው፤ የቤዝን ሥር ይወስደዋል። ጉምጉምታው ካስቸገረ 200 እና 250 ሄርዝ አካባቢ ትንሽ ይቀንስ። ኖታው እንዲለይ 700 ሄርዝ አካባቢ በጥቂቱ ይጨምር። ብዙዎቹ ቤዝ አልሰማ ሲላቸው የሎው ቁልፉን እስከ ጥግ ያዞሩታል። በቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ውስጥ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ድምፁ ይጮኻል፣ ኖታው ግን የለም።

አንድ ከድምፅ በላይ የሆነ ነገርም አለ። በከተማው ዳር አዳዲስ በተሠሩ አዳራሾች ሶኬቱ ባለ ኧርዝ ይመስላል፣ ውስጡ ግን የኧርዝ ሽቦ አልተዘረጋም። ቤዝ ይዘህ ከንፈርህ ማይኩን ሲነካ የሚነዝርህ ከሆነ አቁም። አንዱ ዕቃ ኧርዝ የለውም ማለት ነው። የሚነዝረው ዛሬ ትንሽ ነው ብለህ አትለፈው፣ ሰው ይገድላል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ኧርዙን አስፈትሹ። ሁምታ ለማጥፋት ብሎ የሶኬት ኧርዝ የሚቆርጥ ሰው ካለ ከልክሉት። ለሁምታው ዲአይ ቦክሱ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚል ማብሪያ አለ። እሱ የሚለየው የሲግናሉን ኬብል ግራውንድ ብቻ ስለሆነ የመብራቱን ኧርዝ አይነካም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የስፒከሮቹንና የሚክሰሩን ማጥፊያ ወዲያው አጥፉ። ሲመለስ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው።

ለቡ_ቤዝ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። እኛ ጋም ማይኩ ይነዝራል። ነገ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ፣ እስከ 4ኛው ድረስ፣ ኢ ክሩ ዝዝ ይላል። ክረምት ላይ ይህ አልነበረም። ክሩን ከቀየርኩም ቆይቷል። በሽያጭ ሐሳብ ችላ ብዬው ነበር።

ቡራዩ_ጊታር_ጥገና

ምን ያስቸግራል ልጄ፣ ሥራዬ ነው።

እንጨት ነው፣ አየሩን ይከተላል። ክረምት ላይ አንገቱ እርጥበት ይጠጣል፤ ክሩ ስቦት ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል። በጋ ሲገባ ይደርቃል፣ ወደ ቀጥታነት ይመለሳል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ያጋድላል። ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ዝዝ ይላል። እኔ ጋ በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ የሚመጣው ቤዝ ሁሉ ይህንኑ ሕመም ይዞ ነው የሚመጣው። በገና የሚባለው መሣሪያችን ላይ እንዚራው (ከክሩ ሥር የሚገባው የቆዳ ቁራጭ) ክሩን እንዲያነዝር ሆን ተብሎ ይገባል፤ ድምፁ ያማረው በእሱ ነው። ቤዝ ላይ ግን ንዝረቱ ኖታውን ያሳጥረዋል።

አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት አለ። መጀመሪያ ክሩን በትክክል ቃኘው። ከዚያ ኢ ክሩን በግራ እጅህ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅህ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ያዝ። ሰው ይርዳህና 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ። ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ተራ የቢዝነስ ካርድ ለመለኪያ ይበቃል። ክሩ ፍሬቱ ላይ ተኝቶ ምንም ክፍተት ከሌለ አንገቱ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። በልኩ ብሩጎላ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር ብቻ አላላው። ቃኘው፣ እንደተቃኘ አሳድረው፣ በማግስቱ እየው። በኃይል የሚዞር ከሆነ ተወውና ወደ ባለሙያ ውሰደው። ትረስ ሮድ ከተበጠሰ አንገቱ አለቀ።

የክሩን ከፍታ ከብሪጁ (ገላው ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ብረት) የምታስተካክለው ከዚህ በኋላ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ለኢ ክር 2.5 ሚሊሜትር፣ ለጂ ክር 2 ሚሊሜትር ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ጠንክረህ የምትመታ ከሆነ ትንሽ ከፍ ይበል። የመጨረሻው ኢንቶኔሽን ነው፤ ኖታው በሁሉም ፍሬት ላይ በቅኝቱ እንዲወጣ ማድረግ። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩንና ተጭነህ የያዝከውን ኖታ በስልክህ ቲዩነር አወዳድር። የተጫንከው ከፍ ካለ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበትን ቁራጭ) ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት።

ክሩንም ቀይር። ውፍረቱ (በኢንች ሺኛ) ከ45 እስከ 105 የሆነ ራውንድዋውንድ ኒኬል ግዛ። ሲገጠም የቤዝን ክር በ90 ዲግሪ ሳታጥፍ አትቁረጠው፤ ሳይታጠፍ ከተቆረጠ ውስጡ ያለው ሽቦ ይንሸራተትና ክሩ ገና ሲገጠም የሞተ ይሆናል። ገንዘቡ እስኪደርስልህ ያለውን ፈትተህ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ቀቅለው፣ በደንብ አድርቀህ መልሰው። በጥምጥሙ መሀል የገባውን ላብና ቅባት ያወጣዋል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቢሆንም ይበቃል። የሚቆየው ግን ለጥቂት ሳምንት ነው።

ስለ ዲ ፍላትም ጀሞ ያነሳው ነገር ተገቢ ነው። ባለ 5 ክር ሳትገዛ ሁለት መንገድ አለ። የኢ ክሩን መቃኛ አውጥተህ ሂፕሾት የሚሠራውን ማውረጃ መቃኛ ብትገጥም በአንድ ጣት ኢ ወደ ዲ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው ግን ለዲ ነው፣ ለዲ ፍላት አይደለም። ሌላው ከባለ 5 ክር ስብስብ ላይ ታችኞቹን አራቱን ወስዶ ቤዙን ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ ብሎ መቃኘት ነው። ቢ ክሩ 130 ስለሚሆን የናቱን (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ቁራጭ) ቀዳዳ በፋይል ማስፋት ያስፈልጋል፣ አንገቱም እንደገና ይስተካከላል። ላይኛውን ጂ ክር ታጣለህ። መዝሙር ላይ ምን ያህል ትጠቀምበታለህ? እሱን አንተ ታውቃለህ።

አያት_ኮንዶ

ይህን ውይይት እያነበበ ያገለገለ ቤዝ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ትንሽ ልጨምር። በቴሌግራም ፎቶ አይታችሁ ቅድሚያ ገንዘብ አትላኩ። ሄዳችሁ ያዙት። ከገላው በኩል በአንገቱ ላይ እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩ፤ የተጠመዘዘ አንገት በትረስ ሮድ አይስተካከልም። እያንዳንዱን ፍሬት በእያንዳንዱ ክር ላይ ምቱ። ቁልፎቹን ስታዞሩ ክርክር ካለ ብዙ ጊዜ ኮንታክት ክሊነር ይበቃዋል፣ አትፍሩት። አክቲቭ ከሆነ የባትሪውን ክዳን በካቻቢቴ ክፈቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ፕሪአምፑም ሊነካ ይችላል። ትረስ ሮዱ መዞሩንም ሳታዩ አትክፈሉ።

አክቲቭ ቤዝ ያላችሁ ደግሞ ስትጨርሱ ኬብሉን ንቀሉ። ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ያልቃል።

ታክሲ ላይ ጊታር የምትይዙ ልጆች፣ ወፍራም ቦርሳ ግዙ። የመቃኛው ጫፍ በር ሲመታ ቅኝቱ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፣ ጭንቅላቱ ይሰነጠቃል።

ኮዬ_ቤዚስቷ

ስለ ዕቃው በቂ ተባለ። እኔ ስለ አመታቱ አንድ ነገር አለኝ፣ ምክንያቱም የኖታ አለመለየት ግማሹ ከዚያም ይመጣል።

ብዙዎቻችን ቤዝ የተማርነው መነሻውንና አምስተኛውን እያፈራረቅን ነው። ሲ ከሆነ ሲ እና ጂ። ይህ ትዝታና ባቲ ላይ ይሠራል። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። አምባሰል ላይም ጂ አለ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሦስተኛው ኖታ ግን የለም። ቤዙ ከልምድ ኢ ወይም ኢ ፍላት ካስገባ ቅኝቱ ወዲያው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ዘማሪዋም መያዣ ታጣለች። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ጂ ራሱ የለም፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። እዚያ መነሻና አምስተኛ የሚመታ ቤዚስት ሳያውቀው መዝሙሩን ያፈርሰዋል። አንቺሆዬ ሲመጣ እኔ መነሻው ላይ እቆያለሁ፣ ከዚያ ወደ ኤፍ እሄዳለሁ። ያነሰ ነው የምመታው። ግን ትክክል ነው።

ምቱ ችክችካ ሲሆን በ6/8 ሁሉንም ለመሙላት አትሞክር። ከበሮው ሞልቶታል። ኖታውን መቼ እንደምታቆመው አስብ። ቀኝ እጅህ ቀጣዩን ክር ሲመታ ያለፈውን በግራ እጅህ ዝም አሰኘው። ባዶ ኢ ክር ሳይታፈን ሲያጉረመርም ሚክሰሩ ላይ ማንም አያስተካክልልህም።

የሚሰማ ከፈለግክ የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬንና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ስማ። ዘፈን ነው ብለህ አትለፈው፤ ለአገልግሎትም ይጠቅማል። ቤዙ ከከበሮው ጋር እንዴት እንደሚቆም፣ ድምፃዊው ሲገባ እንዴት ቦታ እንደሚለቅ አድምጥ። ጆሮ ማዳመጫ አድርገህ ቤዙን ብቻ ተከተል።

እኔ ዲአይ አለኝ። ቅዳሜ በእናንተ በኩል ወደ ሰበታ ስለምሄድ ለልምምድ ላውስህ እችላለሁ። ሳትሞክር አትግዛ።

ለቡ_ቤዝ

ቅዳሜ ሞከርነው። ቤዙ ያው ነው፣ ክሩም ያው የተቀቀለው ክር ነው። ድምፁ ግን ሌላ ሆኗል። ኪቦርዲስቱ ቤዝ ቀየርክ እንዴ ብሎ ዞሮ አየኝ። ሎው ከቱም ተጭኖ ነበር፤ አንስተነዋል። ትረስ ሮዱን ሩብ ዙር አላልቼው ካደረ በኋላ ዝዝታው 1ኛው ፍሬት ላይ ብቻ ቀርቷል። ኤሌክትሪሺያኑም መጥቶ ከመድረኩ ሶኬቶች ሁለቱ ኧርዝ እንደሌላቸው አግኝቷል፤ እየተሠራ ነው።

ስኩዌሩን አልሸጥም። መጀመሪያ ዲአይ፣ ከዚያ ክር። ጀሞ ያለው ባለ 5 ክር ግን ከልቤ አልወጣም። ቀስ ብዬ እቆጥባለሁ።

ጀሞ_3

ጥሩ ነው ወንድሜ። ስትደርስበት ጻፍልኝ፣ ልታየው ስትሄድ አብሬህ እሄዳለሁ።

ቡራዩ_ጊታር_ጥገና

1ኛው ፍሬት ላይ ብቻ ከቀረ አንገቱን ደግመህ አትንካው። ክሩን ሳትይዝ ባዶውን ስትመታው ዝዝ ካለ የናቱ ቀዳዳ ጠልቋል። 1ኛውን ይዘህ ከሆነ ደግሞ 2ኛው ፍሬት ከፍ ብሏል። ለይተህ ጻፍልኝ። ሁለቱም እኔ ጋ ይሠራሉ።

ኮዬ_ቤዚስቷ

ዲአይ ስትገዛ 48 ቮልቱን ከማብራትህም ከማጥፋትህም በፊት ቻናሉ ሙሉ በሙሉ ዝቅ ይበል። ካለዚያ ስፒከሩ ላይ ጧ ይላል። ሳውንድ ለሚይዘው ልጅም ንገረው።